ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ቆይ፣ ኮምፒውተር ይበርደዋል እንዴ? እኛ ቢሮ ያሉት ሁሉ ዳንቴል ለብሰዋል። ስክሪኑ ነጭ፣ ሲፒዩው ጫፉ ሮዝ፣ ኪቦርዱም የራሱ ትንሽዬ አለችው። ማታ ተዘግቶ ቢሸፈን ግድ የለኝም፤ አቧራችንን አውቀዋለሁ። የሚያበግነኝ እየሠራም አለማውለቁ ነው።

ዳንቴል በየቤታችን ያላለበሰው ነገር የለም። ሬዲዮው ለብሷል፤ ፍሪጁ አናቱ ላይ ደርቧል፤ የሶፋው መደገፊያ ያለሱ እንግዳ አይቀበልም። ባለገመዱ ስልክ እንኳ የራሱ ቀሚስ ነበረው፤ ሲጮህ መጀመሪያ ቀሚሱ ይገለጣል፣ ከዚያ «ሃሎ» ይባላል። ትልቁ ባለሥልጣን ግን ቴሌቪዥኑ ነበር። ጀርባው ሰፊ በነበረበት ዘመን ዳንቴሉ ተዘርግቶ፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የምርቃት ፎቶ ይቆም ነበር። ኋላ ቴሌቪዥኑ ከስቶ ግድግዳ ላይ ወጣ። አበባው ወደቀ፣ ፎቶው ቦታ ቀየረ፣ ዳንቴሉም ማረፊያ አጥቶ ሥራ ፈታ። ይኸው መሥሪያ ቤት ተቀጠረ።

ሲፒዩ ግን በፊቱ ቀዝቃዛ አየር ስቦ የጋለውን በጀርባው የሚተፋ ዕቃ ነው። እኛ ፊቱን ሸፍነን ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እኛ «ቫይረስ ገብቶበታል» እንላለን። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው እኩል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሯጮቻችንን ያጀገነ አየር ለሲፒዩ አልሆነም።

ይህንን ለንብረት ክፍሏ እትዬ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ የመንግሥት ንብረት አቧራ ይጠጣ?» አሉኝ። ሶኬቱን ነቅሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ማራገቢያውን እንዳይዞር በጣት ይዞ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይቻላል ብላቸው፣ «እሱን ባለሙያ ነው የሚነካው» አሉ። ባለሙያው የሚመጣው በጀት ሲለቀቅ ነው።

እሺ፣ ንብረት ይከበር። ሰውስ? የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ፣ ክርን 90 ዲግሪ ገደማ፣ እግር ወለሉን ሙሉ ረግጦ፣ ወገብ ተደግፎ፤ የሚባለው ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ የምትጽፈው ልጅ ግን ከስብሰባ አዳራሽ በተረፈ የብረት ወንበር ላይ ነጠላዋን ጠቅልላ ከጀርባዋ ወሽቃ ትውላለች። ከፍ ዝቅ የሚለው፣ ወገብ የሚደግፈው ወንበር የኃላፊው ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሁሌም። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም! አንዲት ልጅ እዚህ እየጎበጠች፣ እዚያ በተቆለፈ ክፍል ባዶ አየር የሚደግፍ ወንበር ቆሟል። ያ ወንበር መለያ ቁጥር አለው፤ ቢጠፋ ያስጠይቃል። የልጅቷ ወገብ በየትኛውም ሞዴል ስላልተመዘገበ ቢጠፋ ማንም አይጠየቅበትም።

እንዲህ ደሜ ሲፈላ ዓይኔን አሳርፋለሁ። በየ20 ደቂቃው፣ ለ20 ሰከንድ፣ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ማየት ለዓይን ይመከራል። ክፍላችን 6 ሜትር ስለማይሞላ ማዶ የሚሠራውን ፎቅ አያለሁ። ጥበቃው ሰባት ፎቅ ነው ይላል፤ ሻይ የምታመጣልን ልጅ ዘጠኝ ነው ትላለች። ሆቴል ነው የሚሉም አሉ። እንዲያው ሆቴል ከሆነ ግን፣ በዚህ ጠባብ መንገድ መኪናውን የት ሊያቆሙት ነው?