እንዳትነኳት፣ ኦሪጅናል ናት!

አዲስ አበባ ውስጥ ቅርስ የሚጠብቅ ሰው ጠፋ እያሉ የሚያማርሩ ሁሉ እሑድ ጠዋት በየሰፈሩ ዞር ዞር ብለው አያውቁም ማለት ነው። ቢዞሩ ኖሮ፣ ቁምጣ የለበሰ ጎልማሳ ከግቢው በር ላይ ተንበርክኮ የቮልስ ቸርኬ በጥርስ ብሩሽ ሲፍቅ ያገኙት ነበር። ብሩሹ ለስላሳው ዓይነት ነው፤ ጠንካራውን ለልጆቹ ትቶላቸዋል። ይህ ሰው የአያቱ ቤት ፒያሳ ላይ ሲፈርስ «ምን ይደረግ፣ ልማት ነው» ብሎ ያለፈ፣ የቤተሰቡ የድሮ ፎቶግራፎች ቆጥ ላይ ሲበሰብሱ ቀና ብሎ ያላየ ሰው ነው። የቮልሷ ኮፈን ላይ የጥፍር ጭረት የታየ ዕለት ግን «ታሪካችን እየጠፋ ነው» ብሎ የሰፈሩን ልጆች ለምርመራ ሰብስቧል።

እኔ በበኩሌ ይህን ትጋት አደንቃለሁ። ለመሄጃ የተሠራን ነገር ገዝቶ፣ እንዳይሄድ ለማድረግ ይህን ያህል ገንዘብና ጉልበት ማፍሰስ ቀላል ጥበብ አይደለም። ሌላው ሰው መኪናው የሚቆመው በስንፍናው ነው፤ ይኼኛው ግን ለፍቶ፣ ደክሞ፣ ተበድሮ ነው የሚያቆማት።

ስለ ብርቅነቷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አሁን እኮ እንዲህ ያለ አይገኝም» ይላችኋል፣ ሰሜን ተራራ ላይ ዋልያ ያየ ይመስል። እውነቱን ነው። ጀርመኑም ብራዚሉም ሜክሲኮውም ተረባርቦ የሠራት ቮልስ ብዛቷ 21,529,464 ብቻ ነው። የመጨረሻዋ ፑዌብላ ከሚገኘው የሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችውም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው፤ አዲስ አበባ ሞባይል ስልክ መያዝ ከጀመረች ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚህ የበለጠ ጥንታዊና ብርቅዬ ነገር ከየት ይመጣል?

ደግሞም ከፍሎ ያለመንዳቱን ጥበብ እኛ አልጀመርነውም። የሚገባው ምስጋና ለጀርመኖች ይድረስ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሂትለር የፋብሪካውን የመሠረት ድንጋይ ሲያስቀምጥ፣ ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ይህች መኪና በ990 ማርክ ለሠራተኛው ትሸጣለች ተባለ። ሠራተኛው በየሳምንቱ የ5 ማርክ ቴምብር እየገዛ ደብተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ መኪናውን ይረከባል። ወደ 336 ሺህ የሚጠጋ ሰው ምራቁን እየዋጠ ቴምብሩን ለጠፈ። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ፋብሪካው የጦር ተሽከርካሪ ወደ መሥራት ዞረ፤ ከነዚያ ሁሉ ቆጣቢዎች በዕቅዱ መሠረት መኪና የተረከበ አንድም ሰው አልነበረም። የእኛው ጎልማሳ በየወሩ ለጋራዥ እየከፈለ «በሚቀጥለው ወር ትነሣለች» ሲባል፣ ያንን የአባቶች ሥርዓት ሳይበርዝ ሳይከልስ እየፈጸመ ነው። ልዩነቱ እሱ ቴምብር አይሰጠውም፤ ደረሰኝም አይሰጠውም።

ነገር የተበላሸው ከጦርነቱ በኋላ ነው። አይቫን ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ ሻለቃ ፋብሪካውን ከፍርስራሽ አንሥቶ ሥራ አስጀመረው፤ ቮልስም መንቀሳቀስ ጀመረች። ተንቀሳቀሰች፣ ረከሰች፣ ያገኘው ሁሉ ይዟት ዞረ። እኛም አገር መምህሩ፣ ነርሷ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ልጅ አመላለሱባት፣ ጤፍ ጫኑባት፣ ምጥ የያዛትን ጎረቤት አደረሱባት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ በሚገፋው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ጭቃም ዳገትም አይበግራትም ነበር። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ራዲያተር የለ፣ የሚፈላ ውኃ የለ። ይህን ሁሉ አሳፋሪ ዘመን ነው ዛሬ ባለቤቶቿ ለመፋቅ የተነሡት።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዓመት ማን አቆያት? ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲጠፋ ዕቃ የሚፈጥረው መካኒክ ነዋ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላዋል። መካኒኩ የዘይት በርሜል ቀዶ፣ ቀጥቅጦ፣ በይዶ ወለል ሠራላት። የነዳጅ መስጫው ሽቦ ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አስገባላት። የ6 ቮልት ባትሪ ከገበያ ሲጠፋ ገመዱን ፈትቶ፣ አምፖሉን ለውጦ ወደ 12 ቮልት አዞራት። አንዱ በሯ የላዳ እጀታ ይዞ፣ ፍሬቻዋ ከምን እንደመጣ ፈጣሪ ብቻ እያወቀው፣ ቮልሷ ግን ትነሣ ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ በቁልፍ፣ አንዴ ሲዞር።

አሁን ይህ ሁሉ ስሙ «ብልሽት» ሆኗል። አንድ ጋራዥ ውስጥ በጆሮዬ የሰማሁትን ላካፍላችሁ። ባለቤትየው መኪናዋን አስፈትቷታል፤ ቦዲው በአንድ በኩል፣ ሞተሩ በሌላ በኩል፣ ወንበሮቿ አጣና ላይ ተሰቅለዋል። ሽማግሌው መካኒክ ወለሏን በእጃቸው ደበደብ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ዝገት አልነካውም።»

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ግን ኦሪጅናል አይደለም።»

«የድሮው እኮ ዝጎ ወድቆ ነው!»

«ቢሆንም ጋሼ፣ ኦሪጅናል ዝገት ነበር።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አዩት። ቀልዱን ፊቱ ላይ ፈለጉት፤ አጡት። «በል ይነሣ ካልክ ይነሣ» ብለው መፍጫውን ሰኩ።

ታሪክ መጠበቅ እንግዲህ በመፍጫ ይጀመራል። መኪናዋ እዚህ አገር የኖረችው ዕድሜ፣ የተቀጠቀጠው በርሜል፣ የተበየደው ስንጥቅ፣ የአባትየው ሲጋራ የተረኮሰበት ወንበር፣ ልጆች በምስማር ስማቸውን የጻፉበት የበሩ ገበር፣ ሁሉም ተጠርጎ ይወጣል። የሚፈለገው ከቮልፍስቡርግ ፋብሪካ የወጣችበት ያ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ባለቤትየው አላየውም፤ አባቱም አላዩትም፤ ያየው አንድ ጀርመናዊ ተቆጣጣሪ ነው፣ እሱም የዚያን ዕለት ስንት መኪና እንዳየ ቆጥሮ አይጨርስም። ያልኖሩበትን የጀርመን ማክሰኞ መልሶ ለማምጣት የኖሩበትን የአባትን ዘመን ጋራዥ ወለል ላይ አራግፎ መሄድ «የአባቴ ማስታወሻ» ይባላል። ቀለሙ ያምራል፤ እሱን አልክድም።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ ወደ 6 ቮልት ይመለሳል፣ ፋብሪካው ያን ጊዜ የሚሠራው እንደዚያ ነበርና። በ6 ቮልት የሚበራው የፊት መብራት ቮልሷን ለሰው ያሳያል እንጂ መንገዱን ለቮልሷ አያሳያትም፤ ስለዚህ ማታ አትነዳም። ቀን ደግሞ ፀሐይ ቀለሙን ያነሣዋል። ክረምት ዝናብ ነው፤ በጋ አቧራ። የተረፈው ደመናማ፣ ደረቅ፣ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ነው፤ እንዲህ ያለው ጠዋት ሲገኝ ደግሞ መንገዱ ይቆፈራል። እ.ኤ.አ. እስከ 1961 የተሠሩት ቮልሶች የነዳጅ ጌጅ አልነበራቸውም፤ ነዳጅ ሲያልቅ የመጠባበቂያውን የምትከፍት አንዲት ማንሻ ነበረች። መካኒክ አዝኖ በኋላ የገጠመላትን ጌጅ ባለቤትየው በክብር ነቅሎታል። ነዳጅ መኖሩን የሚያውቀው በእምነት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመጡት በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የመስታወት ማጠቢያው ውኃ የሚረጨው በትርፍ ጎማው አየር ግፊት ነው፤ መስታወት ባጠባችሁ ቁጥር ትርፍ ጎማው ትንሽ ይተነፍሳል። ይህም ተፈልጎ፣ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ እንደ ቀድሞው እንዲተነፍስ ይደረጋል። ሚስትየው ሁሉ ነገር እንደ ቀድሞው ሆኖ ሲጠናቀቅ፣ እንደ ቀድሞው በታክሲ ተሰልፋ ሥራ ትሄዳለች።

ዕቃው ከየት ይመጣል? ከዘመድ ሻንጣ። ድሮ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ለእናት የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለሕፃናት ጫማ ይዞ ነበር የሚገባው። የቮልስ ባለቤት ዘመድ የሆነ ምስኪን ግን ከተፈቀደለት 23 ኪሎ ውስጥ ካርቡሬተር፣ የበር ጎሚኒና የኋላ መብራት ጠቅልሎ ይመጣል። እናት ሻንጣው ሲከፈት ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ጎሚኒውን ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉና ለምን እንደሚበላ ሳይጠይቁ መልሰው ያስቀምጡታል። ባለቤትየውም አይደሰትም። የብራዚል ሥሪት ነው። የጀርመኑን ነበር ያዘዘው።

መንግሥትም ሳያስበው ተባብሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን ኪስ የሚያራቁት ነገር አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። አሮጌ መኪና ጉምሩክ በር ላይ ሲደርስ ጭስና አደጋ ነው፤ ከበሩ ወዲህ የተገኘ እንደሆነ ግን ቅርስ ነው። ደላላ ይህን ልዩነት ከማንም ቀድሞ ተረዳው። ትናንት «በኪሎ ሒሳብ ውሰዷት» ትባል የነበረች ቮልስ ዛሬ ዋጋዋ ሲጠየቅ ደላላው መጀመሪያ ወንበር ስቦ ያስቀምጣችኋል።

ደላላውን ካነሣን አይቀር፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ የ1967 ዓ.ም. የመስከረም ጉድ ማንሣት ግድ ነው። መስከረም 2 ቀን ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያስወጣቸው ያሳፈራቸው ከራሳቸው የክብር መኪኖች በአንዱ አልነበረም፤ በቮልስ ነበር። ሁለት በር ብቻ ስላላት፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት፣ ጎንበስ ብሎ፣ ተሽሎክሉኮ ነው የሚገባው። በዚህ ሁኔታ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ንጉሥን ለማሳነስ ከቮልስ የኋላ ወንበር የተሻለ ሥፍራ አላገኙም መሰለኝ። ዛሬ ደላላው ያንኑ ውርደት በማዕረግ ዋጋ ይሸጠዋል። «ጌታዬ፣ ይህች እኮ ጃንሆይ የሄዱባት ዓይነት ናት» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ገዢ ዘንድ ሲደርስ «ዓይነት» የምትለዋ ትወልቃለች። ለሦስተኛው ገዢ ጃንሆይ የተቀመጡበት ወንበር ስፖንጅ ይታያል።

ስፖንጁ እርግጥ አዲስ ነው። በሩም፣ ወለሉም፣ ሞተሩም፣ ኮፈኑም ተለውጧል። ከዋናዋ መኪና የተረፈው የሻንሲ ቁጥሯ ነው፤ እሱም የሚገኘው እዚያው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ባለቤትየው ወንበሩን ብድግ አድርጎ፣ በስልኩ እያበራ፣ ከሊብሬው ጋር እያመሳከረ ያሳያችኋል። እናንተም ጎንበስ ብላችሁ «አቤት!» ማለት አለባችሁ። ያላለ ሰው ቡና አይፈላለትም።

ቮልሷ ጨርሶ ከግቢ አትወጣም ብል ግን ግፍ ይሆንብኛል። ሠርግ አለ። ሙሽሮች በረጃጅም ሊሙዚን ተሰላችተው «ክላሲክ» መጠየቅ ከጀመሩ ወዲህ ቅርሱ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ያስገኛል። በቅርቡ በታደምኩበት ሠርግ ላይ አንዲት ክሬም ቀለም ቮልስ አበባ ተደፍቶባት ቆማ ነበር። ኪራይዋ በሰዓት ነው። ሙሽሪት ከነቬሎዋ በዚያች ጠባብ በር ገብታ እስክትደላደል ሁለት ዘፈን አለቀ። ሹፌሩ ባለቤቱ ራሱ ነው፤ መሪዋን ለሌላ ሰው አሳልፎ አይሰጥም። ቁልፉን አዞረ። ቮልሷ አንዴ ሳል አደረጋትና ዝም አለች። ደገመ። ባለ 6 ቮልቱ ባትሪ የሚለውን ብሎ ጨርሶ ነበር።

ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ሊገፏት ሲጠጉ ባለቤትየው እየጮኸ ወረደ። «ቆይ! በባዶ እጅ እንዳትነኳት!» ከፊት ከዕቃ መጫኛዋ ነጭ የጥጥ ጓንት አወጣና ለአራቱም አደለ፤ ተሰናድቶበት ነው የመጣው። የት የት መያዝ እንዳለባቸውም በጣቱ አሳያቸው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሚዜዎቹ ገፉ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ደስ ብሎት ከጎን ከጎን ሮጠ።

ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሙሽራው አባት ቮልሷ የተገፋችበት ሰዓት ይቀነስልን ብለው ጠየቁ። አልተቀነሰም፤ የጓንቱ ተደመረ እንጂ።