ስለ ሩብ ፀሐይ፦ በእንቁጣጣሽ ሥዕል ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል የሚጽፉ ሰዎች ከአባ ገሪማ ወንጌል ይነሱና በአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት፣ በገብረ ክርስቶስ ደስታና በእስክንድር ቦጎሲያን በኩል አድርገው ዛሬ ላይ ይደርሳሉ። መስከረም 1 ቀን ገና በጠዋቱ በር እያንኳኳ ስለሚመጣው ሥዕል ግን አንዳቸውም አንዲት መስመር ሲጽፉ አላየሁም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ይሞላል፤ ባይሞላም ጠርዙን ያሳያል።

ጥናቱ የተመሠረተው በእናቴ ቡፌ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከውሃና ከመብራት ደረሰኞች ሥር በተገኙ 23 ሥዕሎች ላይ ነው። ሰባቱ የእኔ ናቸው። ተመራማሪውና ሠዓሊው አንድ ሰው መሆናቸው የጥናቱን ገለልተኝነት እንደማይነካ ተመራማሪው ሠዓሊውን ጠይቆ አረጋግጧል።

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የምትገባው ፀሐይዋ ናት። በእጅ በተሳሉት ሁሉ ላይ ፀሐይ አንድም ጊዜ ሙሉ ሆና አትታይም። በወረቀቱ የላይኛው ጥግ ሩቧ ብቻ ብቅ ትላለች፤ የቀረው አካሏ ከወረቀቱ ውጭ ነው። ለዚህ ጥልቅ ምክንያት የሚፈልጉ አይጠፉም፦ ክረምቱ ጨርሶ አለመውጣቱን ለማመልከት ነው፣ ተስፋ ገና መፈንጠቁን ለመግለጽ ነው፣ ወዘተ። መልሱ ያለው ግን ከከለሩ ፓኮ ውስጥ ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ቢጫ ይበላል። አደይ አበባው ቢጫ ነው፤ የሰንደቅ ዓላማው መሐል ቢጫ ነው፤ የመልአኩ አክሊል ቢጫ ነው፤ ማን እንዳዘዛት የማትታወቅ አንዲት ጫጩትም አለች፣ እሷም ቢጫ ናት። ጷጉሜ 3 ላይ ቢጫው ከለር በምላጭ ተቀርጾ ተቀርጾ በጥፍር የሚያዝ ጉቶ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሙሉ ፀሐይ መሳል አባካኝነት ነው። ይህን ሕግ ታላቅ ወንድሜ ሙሉ ፀሐይ በሳልኩበት ቀን በአንድ ኩርኩም አስተምሮኛል፤ ክለሳ አላስፈለገኝም።

ስለ ማስተማሪያ ዘዴው እዚህ ላይ መናገር ይገባል። ትምህርቱ የሚሰጠው ከጷጉሜ 1 ጀምሮ፣ ምንጣፍ ላይ በደረት ተኝቶ ነው። መምህሩ ከተማሪው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሚበልጥ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ሲሆን፣ ደመወዙ ኋላ ከተማሪው ገቢ ላይ ይቆረጣል። የሰው እጅና እግር በትክክል እንዴት እንደሚሳል መማር የሚፈልግ አለ ፈለገ ሰላም ወዳቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል። የምንጣፉ ትምህርት ቤት ግን ነገሩን በአንድ አንቀጽ ጨርሶታል፦ የከበደህን ደብቀው። ስለዚህ የመልአኩ እጆች እጅጌው ውስጥ ናቸው። የልጅቷ እጅ ከእቅፍ አበባው ኋላ ነው። እግር የሚባል ሁሉ ሣር ውስጥ ይቀራል፤ በጥናቱ ናሙና ውስጥ ያለው ሣር ቁመት በአገራችን ለከብት ተስፋ የሚሰጥ ነው። ፈረስ ፈጽሞ አይሞከርም።

ያልተፈታ አንድ ችግር አለ። ባለ 12 ከለር ፓኮ ውስጥ ነጭ ከለር አለ። ወረቀቱም ነጭ ነው። አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ በበዓሉ ዋዜማ ጉቶ ሲሆኑ፣ ነጩ ከፋብሪካ እንደወጣ ቁመቱን ጠብቆ ይኖራል። ከፓኮ ወደ ፓኮ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወረስ አይቻለሁ። ለምን እንደሚመረት ወንድሜን ጠይቄው “ለማሟያ” ብሎኛል።

ወደ አባዛዙ ስንመጣ ሁለት ስልቶች እናገኛለን። አንደኛው የመስኮት ስልት ነው፦ ዋናውን ሥዕል መስታወት ላይ አድርጎ፣ ንጹሑን ሉክ በላዩ ደርቦ፣ በውጩ ብርሃን መስመሩን መከተል። ድክመቱ በብርሃን መኖሩ ነው፤ በጷጉሜ ሰማይ ደመና ሲሆን ምርት ይቆማል። ሁለተኛው የካርቦን ስልት ነው። የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል የተዘጋጀ መሆኑ የታወቀው በካርቦን ምርመራ ነው፤ የእኛም መልአክ አምስት ቦታ የተባዛው በካርቦን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ተጨማሪ ጥናት ይሻል።

ከሥዕሎቹ አራቱ ደግሞ በመሳል ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ተለጣፊ አላቸው። ኤልያስ ስሜ የኮምፒውተር ሽቦና ቁልፍ እየገጣጠመ ዓለም ላይ ስሙ ከመጠራቱ በፊት በየሰፈሩ ምንጣፍ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ለመልአክ ክንፍ፣ የከረሜላ ወረቀት ለቤተ ክርስቲያን መስኮት፣ ጥጥ ለደመና ይለጠፍ ነበር። ጥጡ ሲተርፍ ለቅዱሱ ጺም ይሆናል። አራቱም የተለጠፉት በሱቅ ኮላ ነው። በወቅቱ ግን አብዛኛው ሰው ይጠቀም የነበረው በውሃ የተንተከተከ የፉርኖ ዱቄት ነበር። ከዚያ ዓይነቱ አንድም አልተገኘም። አይጥ ከተመራማሪ ይቀድማል።

አሁን የጥናቱ ዋና ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ እሱም ጽሑፉ ነው። በእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ “እንኳን ከዘመነ እገሌ ወደ ዘመነ እገሌ በሰላም አሸጋገረዎ” የሚል ይጻፋል፤ መጀመሪያው ላይ ፊደሉ እንደ ሱቅ ታፔላ ሰፍቶ ተጀምሮ፣ “ዎ” ላይ ሲደርስ ጠርዙን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። የዘመኑን ወንጌላዊ ማወቅ ቀላል ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 2016 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዘመነ ዮሐንስ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን የሚያውቁት ለባሕረ ሐሳብ ነው። ሠዓሊው የሚያውቀው ለንብረት ቁጥጥር ነው። ያልተሰጠ ሥዕል በወንጌላዊው ስም የተነሣ መስከረም 2 ቀን ጊዜው ያልፍበታል፤ መልሶ የሚሠራው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አራት ዓመት ደግሞ ከቢጫ ከለር ዕድሜ ይበልጣል። በሉቃስ ዘመን ማብቂያ ጷጉሜ 6 ቀን መሆኗም ያለ ውጤት አልቀረም፦ አንድ የሥራ ቀን ስለተጨመረ ለዘመነ ዮሐንስ የተዘጋጁት ሥዕሎች ጥራታቸው ከፍ ያለ ነው። በአንደኛው ላይ መልአኩ ጫማ አድርጓል።

ጊዜው ያለፈበትን ክምችት ስለማደስ የራሴን ልምድ ልመስክር። አንድ ዓመት “ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ” የሚሉ ሦስት ሥዕሎች ተርፈውኝ ነበር። በቀጣዩ ጷጉሜ ላጲስ አነሣሁ። ማቴዎስና ማርቆስ መጀመሪያና መጨረሻቸው አንድ ነው፤ መሐል ያሉትን ሁለት ፊደላት አጥፍቶ “ርቆ” ማስገባት ይበቃል። ሁለተኛው ግን ችግር አለው፤ ማርቆስ አራት ፊደል፣ ሉቃስ ሦስት ነው። በተረፈው ቦታ ላይ ትንሽ አበባ ሳልኩበት። ጎረቤታችን ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት። ላጲሱ ወረቀቱን አሳስቶት ኖሮ በፊደሎቹ መሐል ሰማይ ይታያል።

“አንተ ልጅ፣ ይሄንን አምና አምጥተህ ዝርዝር የለኝም ብዬ መልሼህ አልነበረም?”

“አይ ጋሼ፣ የአምናው ማርቆስ ነበር። ይሄ ሉቃስ ነው።”

ሻምበል በሌሎች ቤቶች 50 ሳንቲም የሚያወጣውን ሥዕል በ25 ሳንቲም ወሰዱት። ለአሮጌ ዕቃ የሚከፈለው ዋጋ ይኸው ነው ብለዋል።

እዚህ ላይ ስለ ክፍያው የሚነሣውን የቆየ ክርክር እንዝጋው። ልጁ ሥዕሉን ይሸጣል ማለት ስድብ ነው፤ በነፃ ይሰጣል ማለትም ውሸት ነው። ሥዕሉን በሁለት እጁ አቅርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ “እንኳን አደረሰዎ” ይላል። ከዚያ አይሄድም። ዋጋው አለመሄዱ ነው። ሴቶቹ አበባየሆሽ እየጨፈሩ ሲመጡ ወረቀትም ከለርም ስለማያወጡ ትርፋቸው የተጣራ ነው፤ ይህን ስሌት ወንዶቹ ሁልጊዜ የሚደርሱበት ጷጉሜ 5 ማታ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ከናሙናው ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሥዕሎች ከኮምፒውተር የታተሙ ናቸው። ያመጧቸው የማይተዋወቁ ሁለት ልጆች ሲሆኑ ሥዕሎቹ እስከ ነጥባቸው አንድ ናቸው። ፀሐይዋ ሙሉ ናት፤ ቢጫ አላለቀባትም። የልጅቷ እጅ ወጥቶ ይታያል፤ አምስት ጣት አለው። ወንጌላዊው በትክክል ተጽፏል። ከሙያ አንጻር ምንም አይወጣላቸውም። እናቴ ደረሰኙ መሐል ስትከታቸው አላየቻቸውም፤ ጫማ ያደረገውን መልአክ ግን ቡፌው መስታወት ላይ ሰክታው ስንት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው ወደ መሳቢያ የወረደው። ከሁለቱ ልጆች አንደኛው፣ እናቴ “ዝርዝር የለኝም፣ ልጄ” ስትለው፣ “ግድ የለም፣ የእማዬን የቴሌብር ቁጥር ልንገርዎት” ብሏል። ቆሞም ጠብቋል። ቢያንስ አለመሄዱ እንዳለ ነው።

በነጩ ከለር ጉዳይ ጥናቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ግማሽ ድረስ ያለቀ ነጭ ከለር ያለው አንባቢ ካለ፣ ምን እንደሳለበት ቢነግረኝ ውለታው አይረሳኝም።