የተገኘ ቆርቆሮ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከቡራዩ ተነስቼ፣ አስኮ ላይ አንድ፣ ፒያሳ ላይ ሌላ ታክሲ ቀይሬ ቦሌ አካባቢ የሥዕል ዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ ደረስኩ። የጠራኝ አልነበረም። ወይን በነጻ እንደሚቀዳ ሹክ ያለኝ አንድ ወዳጄ ነው። ብርጭቆዬን ይዤ ዘወር ዘወር ስል አንድ ግድግዳ ፊት እግሬ ቀጥ አለ። የማውቀው ሰው አፍጥጦ ያየኝ መሰለኝ። ሰው ግን አይደለም፤ የጎረቤቴ አጥር ነው።

መሳሳት አልችልም። ዝገቱ ከታች ወደ ላይ የወጣበት ቆርቆሮ፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳውን የደፈነው የዘይት ጣሳ፣ ጣሳውን የያዙት አራት ሚስማሮች፣ ከየሚስማሩ ራስ ሥር ዝናብ እንዳያሳልፍ የገባ ቆርኪ። ያንን ጣሳ የመታሁት እኔ ነኝ። አንደኛው ሚስማር ጠሞ የቀረው መዶሻው አውራ ጣቴን ሲያገኘው ነው። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ከጎኑ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። «ርዕስ፦ ያልተሰየመ። ቁስ፦ የተገኘ ቆርቆሮ፣ የተገኘ ጣሳ፣ የተገኘ ሚስማር።» ከሥሩ አንድ ገጽ ተኩል መግለጫ። ሥራው «በመሀልና በዳር መካከል ያለውን ውጥረት ይፈትሻል»፤ «የተጣለውን በማንሳት ከማይታየው ጋር ይነጋገራል»። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለነበር አጠገቤ የቆመች ሴት «ጥልቅ ነው» አለችኝ። እኔም ጥልቅ ነው አልኩ። ጉድጓድም ጥልቅ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን «የተገኘ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ነገር የሚገኘው ከጠፋ በኋላ ነው። በሬ ይጠፋል፣ ሲፈለግ ይውላል፣ ይገኛል። ልጅ ይጠፋል፣ እልል ተብሎ ይገኛል። ይህ ቆርቆሮ መቼ ነው የጠፋው? ማን ሲፈልገው ነበር? ጎረቤቴ ጧት ጧት በሯን ስትከፍት እዚያው ቆሞ ታገኘዋለች፤ ማታ ስትዘጋም እዚያው ቆሞ ትተወዋለች። ጠፋ የተባለው ቦሌ ከሆነ፣ በእርግጥ ቦሌ ታይቶ አያውቅም።

አዋቂዎች እንደነገሩኝ ነገሩ የቆየ የዘር ሐረግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1917 ማርሴል ዱሻምፕ የተባለ ፈረንሳዊ ኒው ዮርክ ላይ ከሱቅ የወንዶች መሽኛ ሳህን ገዝቶ፣ የውሸት ስም ፈርሞበት፣ «ምንጭ» ብሎ ለዐውደ ርዕይ አቀረበ። አዘጋጆቹ አናሳይም አሉ። ዛሬ ያንን ያላሳዩትን ሰዎች ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሳህኑን ግን ተማሪ ሁሉ ያጠናዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ጀርማኖ ቼላንት የተባለ ጣሊያናዊ ሐያሲ አፈር፣ ጨርቅና ፍም ይዘው የሚሠሩ ወጣቶችን «የድሃ ጥበብ» ሠሪዎች ብሎ ሰየማቸው። ስያሜው እኛን ሳያማክር የወጣ በመሆኑ ቅር አልተሰኘንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ህዳር ላይ ለጨረታ የወጣው የማውሪትሲዮ ካቴላን ሙዝ ብቻ ትንሽ አስደንግጦናል፦ በፕላስተር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ሙዝ በ6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሙዙን የሸጠው የመንገድ ነጋዴ 35 ሳንቲም ተቀብሎበት ነበር። ገዢው ልጦ በላው፤ እሱን አልወቅሰውም፣ ሙዝ ሲገኝ ይበላል።

እኔ ግን የሰፈሬን ልጆች ማሳነስ አልፈልግም። ጋለሪዎቻችን ፈረንጅ አገር ለማየት ለምን ይደክማሉ? እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ይውረዱ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ በሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚቆመውን የኩበት ክምር ያላየ፣ ቅርጻ ቅርጽ አየሁ አይበል። ሴትየዋ እበቱን ከገለባ ጋር ታቦካዋለች፣ ታድቦለቡለዋለች፣ በመዳፏ ጠፍጠፍ አድርጋ ሣሩ ላይ ትዘረጋዋለች። ደርቆ ሲገለበጥ አምስቱ ጣቶቿ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፊርማ ማለት ይህ ነው። ሌላ ሰው አስመስሎ ሊፈርመው አይችልም፤ ጣቱ አይገጥምም። ከዚያ አንዱን በአንዱ ላይ እያደራረበች ጎጆ የመሰለ ክምር ትሠራለች፣ ላዩን መልሳ በእበት ትለስነዋለች፣ ዝናብ ቢመጣ ያንሸራትተዋል። የሚዛን ዕውቀቱ፣ የልስኑ ሙላት፣ የክቡ ልክ። መግለጫ ግን አልጻፈችም። ጥፋቷ እሱ ነው።

ፒየሮ ማንዞኒን ተመልከቱ። ሚላኖ ይሠራ የነበረ ጣሊያናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የራሱን ዓይነ ምድር እያንዳንዳቸው 30 ግራም በሚይዙ 90 ቆርቆሮዎች አሸግኩ አለ፤ በየጣሳው ላይ ቁጥር ሰጠና ፈረመ፣ ዋጋውንም በዕለቱ የወርቅ ዋጋ፣ ግራም በግራም አሰላው። የለንደኑ ቴት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2000 አንዱን ገዝቷል። ጣሳው ከተከፈተ ዋጋ ስለሚያጣ፣ ውስጡ በእርግጥ የተባለው ነገር ይኑር አይኑር ዛሬም ያከራክራል። የሱሉልታዋ ሴት እዚህ ላይ ትበልጠዋለች፦ ኩበቷ ኩበት መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ በጆንያ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይገባል፣ እንጀራ ይጋገርበታል፣ አመዱ ይቀራል። ማንዞኒ ወርቅ ሲያስከፍል እሷ በጆንያ ትከራከራለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ተረት ለካ ስለ ሚላኖ ነበር።

ሰበታን ደግሞ በቆርኪ እናነሳለን። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ አገር ነውና የቆርኪ እጥረት የለበትም። መንግሥት ፋብሪካውን በ2012 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጠው፣ መንገድ ላይ የወደቀው ቆርኪ በሽያጩ አልተካተተም። እሱ የሰፈሩ ሆኖ ቀረ። አንዱ በጀርባው አንዱ በሆዱ ተገልብጦ ዳማ ይጫወቱበታል። ተጨፍልቆ፣ ተበስቶ፣ በሽቦ ሲሰካ የልጆች ጽናጽል ነው። ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ ጣውላ ላይ የተመታው ደጃፍ ይቀመጥና ክረምቱን ሙሉ የጭቃ ጫማ ይፋቅበታል። ሚስማር ሥር ሲገባ ምን እንደሚሠራ አውራ ጣቴ ያውቃል። ይሄ ሁሉ ሥራ ያለበትን ዕቃ ነው እንግዲህ መግለጫው «የተጣለ» የሚለው።

በዚህ ሰሞን እንደውም ከተማው ውስጥ አውደ ጥናት ይዘጋጅና ወጣት ሠዓሊዎች በሚኒባስ ወደ ሰፈራችን ይጫናሉ፤ የፕሮጀክቱ ስም የተጻፈበት ቲሸርት ይለብሳሉ። ሕፃናት ሃይላንድ እንዲለቅሙ ይታዘዛሉ። (የውሃ ኩባንያው ስም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆኖ ከቀረ ቆየ፤ የሱሉልታን ውሃ የሚያሽገው ሌላ ኩባንያ ቢሆንም ጠርሙሱ ሃይላንድ ነው።) ሃይላንዱ በሽቦ ተጠፍሮ ዛፍ ይሆናል። ዛፉ ፊት ፎቶ ይነሳል፣ አበል ይፈረማል፣ ሚኒባሱ ይመለሳል። በሳምንቱ ዛፉን ቆራሌው አፍርሶ በኪሎ ይወስደዋል። በጠቅላላው ፕሮጀክት ውስጥ ፕላስቲኩን ከሰፈሩ ያነሳ እሱ ብቻ ነው፤ ቲሸርት ግን አልደረሰውም። ስሙ እንኳ ከጥሪው ተቆርጦ የወጣ ነው፦ «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ ሲሮጥ ቃሉ አልቆ ቆራሌው ሆነ።

ይህን ስል ሁሉንም በአንድ ጆንያ እየከተትኩ እንዳይመስል። ኤልያስ ስሜን አውቃለሁ፤ ሥራውን ማለቴ ነው። የመርካቶ ምናለሽ ተራን ሽቦ፣ ቁልፍና የኮምፒውተር ሰሌዳ እያመጣ፣ ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ፣ በትንሽ በትንሹ ሰሌዳ ላይ እየመታ፣ ሰሌዳን ከሰሌዳ እያጋጠመ ግድግዳ የሚሞላ ነገር ያወጣል። ከሩቅ ከአውሮፕላን የሚታይ እርሻ ይመስላል፤ ሲጠጉት ሌላ ነው። እዚያ ፊት የቆመ ሰው መግለጫውን ለማንበብ ጊዜ አይኖረውም። የጋናው ተወላጅ ኤል አናትሱይም የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን እየጠፈጠፈና በመዳብ ሽቦ እየሰፋ እንደ ጋቢ የሚታጠፍ ብረት ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሸልሞታል። እነዚህን ያየ የኛ ልጅ የተማረው ግን ቆርኪውን ብቻ ነው። መስፋቱ ዓመት ይፈጃል፤ መለጠፉ በሙጫ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የቀረውን መግለጫው ይሞላዋል።

ኤልያስና መስከረም አሰግድ መካኒሳ ላይ ያነጹት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም የጭቃ ቤት ነው። ጭቃና ጭድ፣ ግድግዳው ላይ በጣት የተሳለ ቅርጽ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር።  አንድ ቀን መካኒሳ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንድ አዛውንት ዞማን በመስኮት አሳይተውኝ «እኛ ይሄን ቤት ይዘን እኮ ነው ድሃ የተባልነው» አሉ። ወራጅ አለ ብለው ወረዱ።

ታላቁ የተገኘ ቆርቆሮ ዐውደ ርዕይ ግን የተካሄደው በ2015 ዓ.ም. ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ጎረቤቶቻቸው ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ በርካታ ቤቶች «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብለው በዶዘር ፈረሱ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ሥራ በአንድ ጧት የሚሠራ ቀራጺ አይቼ አላውቅም። የተጠማዘዘ ቆርቆሮ፣ በግማሽ የቆመ በር፣ ሰማይ የሚያይ አልጋ። ወጣቶቹ ሠዓሊዎቻችን ያኔ ለምን ቁስ ፍለጋ እንዳልመጡ ሳስብ ቆይቼ ነበር። ባለቤቶቹ እያንዳንዱ ክምር አጠገብ ቆመው ስለነበር ይሆናል። ባለቤት አጠገቡ የቆመበትን ዕቃ «የተገኘ» ብሎ መጻፍ ይከብዳል።

ወደ አጥሬ ልመለስ። በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠብቄ ጎረቤቴን አገኘኋት። በዕድሜ እናቴ ናት፤ እማማ ነው የምላት። ከኋላዋ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይን የሚወጋ ቆርቆሮ ቆሟል። ሳምንት ሙሉ በፊቱ ሳልፍ ልብ አላልኩትም ነበር።

«እማማ፣ አሮጌው አጥር የት ሄደ?»

«አንድ ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ መጣ። ካሜራ ይዟል። ያንን ቆርቆሮ አየና ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ስጡኝ አለኝ።»

«ዝም ብለው ሰጡት?»

«ምን በወጣኝ! ልዋጭ አልኩት። አዲስ አምጣ፣ አሮጌውን ውሰድ። ሚስማሩን ከነቆርኪው ጨምሬለት፣ እሱ ደግሞ ሦስት አዲስ ቆርቆሮ አመጣ። ሦስት! ልቤ አልቻለም፣ ቡና አፍልቼ አጠጣሁት። ምስኪን፣ ቤተሰብ የለውም መሰለኝ።»

ቦሌ ያየሁትን ነገርኳት። ግድግዳውን፣ መብራቱን፣ ወይኑን፣ ዋጋው በዶላር መሆኑን። ስሟ ወረቀቱ ላይ እንደሌለም ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«እንዳትነግርብኝ» አለችኝ በመጨረሻ፣ ድምጿን ቀንሳ። ቀና ብላ ወደ ቤቷ ክዳን እያየች፣ «ያው ጣራዬም ዝጓል። ልጁን ካገኘኸው፣ ከአጥሩ ይልቅ ይሄ ያስለቅሳል በለው።»