ቢሙ ውስጥ የገባው ቱቦ

መቐለ፣ ቃላሚኖ ላይ አንድ ወዳጄ ባለአንድ ፎቅ ቤት ሲያሠራ፣ የአርክቴክቸሩ፣ የስትራክቸሩና የሳኒተሪው ፕላን ከተለያየ እጅ ነው የመጣው። ሦስቱም ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን አይወጣላቸውም። የመቐለ ኖራ ድንጋይ በጠራቢ እጅ ሲያምር ደግሞ የሰው ዓይን ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ አርማታው ውስጥ የሚቀበረውን ማን ያየዋል?

ስለዚህ ሁሉንም፣ ፌሮውን ጭምር፣ አውቶካድ ላይ ሶሊድ አድርጌ ሠራሁት። ቢሞቹን በአንድ ወገን፣ ቱቦዎቹን በሌላ ወገን መርጬ ኢንተርፊር የሚለውን ትዕዛዝ ሰጠሁ። ደስ የሚለኝ ትዕዛዝ ነው። ስላብ ቢም ላይ ቢቀመጥ ምንም አይልም፤ ገጽ ለገጽ መነካካት ይዘት የለውምና። ሁለት ነገሮች አንድ ቦታ ሲሻሙ ግን የተደራረቡበትን ክፍል ራሱን የቻለ ሶሊድ አድርጎ በቀይ ያወጣዋል። ወጣ! የመጸዳጃ ቤቱ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ቢም ወግቶ ያልፋል። የተደራረበው 2.4 ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያረፈው ኮለኑ አጠገብ ነው፤ ሸክሙ ቢሙን ሊቆርጠው የሚታገለው፣ ስታፋ የሚጠጋጋውም እዚያው ነው። የትዕዛዙ መስኮት ሲዘጋ ቀዩ ሶሊድ እንዲጠፋ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱን አንስቼ ሶሊዱን አስቀረሁት።

ሳይት ስደርስ ካሳፎርማው ተገጥሞ፣ ፌሮው ታስሮ፣ ሚክሰሩ ቆሟል። ቀዩን ነገር ለፎርማኑ ባሳየው፣ «ሓወይ፣ ቱቦው ሲመጣ እንሰብርለታለን» አለኝ። ይኼ «እንሰብርለታለን» ስንቱን ቢም አቁስሏል! ከዚሁ በስተ ሰሜን የውቅሮ ጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ሲፈለፈል ምሶሶው የቆመው ሳይነካ ስለቀረ ነው፤ አንዴ የተጠረበ አለት መልሶ አይለጠፍም። የተሰበረ አርማታም እንዲሁ።

መብራት የለም፣ የላፕቶፑ ባትሪ እያለቀ ነው። ክርክሩን ትቼ አውቶካዱ ላይ ቢሙን በርዝመቱ መሐል ለመሐል ስላይስ በሚለው ትዕዛዝ ቆረጥሁት፤ ሦስት ነጥብ ነክቼ፣ አንዱን ጎን ብቻ አስቀርቼ። የቱቦው ክብ ታችኛው ፌሮ ላይ ተጋድሞ፣ ሁለት ስታፋ በጥሶ ታየ። ፎርማኑ ዝም አለ። ሜትሩን መዝዞ ካሳፎርማው ውስጥ ከኮለኑ ፊት ጀምሮ ለካ፤ ስታፋዎቹን በጣቱ አንድ በአንድ ነካ። ከዚያ ወደ ሚክሰሩ ልጅ ዞሮ «ጽናሕ!» አለው፤ ቆይ ማለቱ ነው።

የሳኒተሪ ባለሙያው ቱቦውን ከቢሙ ሥር አውርዶ በኮርኒሱ ውስጥ ሊያሳልፈው ተስማማ፤ ሙሌቱ ለማግስቱ ተዛወረ። ወዳጄ የአንድ ቀን የሚክሰር ኪራይ ቆጭቶታል፤ እኔን ግን ቅንጣት አልቆጨኝም። አሁን ፎርማኑ ራሱ ደረጃውንም አውቶካድ ላይ እንድቆርጥለት ጠይቆኛል፤ የሚወጣን ሰው የላይኛው ቢም ጭንቅላቱን የሚመታው መስሎታል።