ለታሪፍ አውጪው፦ ሌሊት የሚባል ነገር አለ

ለክቡር የቤት መብራት ታሪፍ አውጪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሌሊት መኖሩን ስለማሳወቅ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ ለፍትሐዊነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ያልሞላውን ደንበኛ በአንድ ዋጋ፣ 500 ያለፈውን በሌላ ዋጋ ያስከፍላሉ። ቀንና ሌሊትን ግን አላበላለጡም። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ቴሌቪዥን ሲከፍት የሚቆጥረው ቆጣሪ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ውሻ ብቻ ሲጮህም በዚያው ዋጋ ይቆጥራል። ፀሐይ እንኳን እንዲህ ያለ እኩልነት አልቻለችበትም።

ችግሩ እኛ ተገልጋዮች ሌሊትን ያለ እርስዎ ፈቃድ ማወቃችን ነው። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ምሽት ላይ መብራቱ ኃይል ያንሰዋል። ምጣዱ አልግል ይላል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ጋጋሪዋ የስልኳን ደወል ሞልታ ትተኛና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነሳለች። ትራንስፎርመሩም ትንፋሽ የሚያገኘው ያኔ ነው፤ አክንባሎው እየተነሳ እየተከደነ እስኪነጋ ትጋግራለች። ሌላው ዓለም ደንበኛውን ከጫና ሰዓት ለማሸሽ ስንት ስብሰባ ይቀመጣል። የእኛዋ ሴት ያለ ስልጠናና ያለ አበል ሸሽታለች።

በማጠራቀምም ቢሆን አንታማም። 4 ኪሎዋት የሚጠጋ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይኸው ኃይል እንጀራ ሆኖ መሶብ ገብቶ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አነስተኛ የሊትየም ባትሪ የሚይዘው 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። መሶባችን በለጠው ማለት ነው፤ ቴሌቪዥን አይሰካበትም እንጂ። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለርም ውሃውን በ40 ዲግሪ ለማሞቅ 4 ኪሎዋት ሰዓት የማይሞላ ይወስድና ሙቀቱን እስከ ጠዋት ይዞ ያድራል። ዕቃው በየቤቱ አለ፤ የጠፋው በሌሊት ለማሞቅ የሚያበቃ ምክንያት ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ሲሰሙ ይገርማቸዋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ለቤቶች ሰባት የሌሊት ሰዓት በርካሽ የሚሸጥበት ታሪፍ አላት። ሰዉ በሆዱ ጡብ የታጨቀበት ማሞቂያ ይገዛል፤ ጡቡ ሌሊት ይግላል፣ ቀን ቤቱን ያሞቃል። ዛሬ ደግሞ ባትሪውን ሌሊት ሞልቶ ምሽት ላይ የሚጠቀም ሞልቷል። ከዋጋው ልዩነት ያተርፋል፤ የኃይል መረቡም ከጫና ያርፋል።

እንግሊዝ ሩቅ ነው ካሉ እዚሁ አጠገብ እንምጣ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚገባውን 500 ኪሎቮልት መስመር ያውቁታል። ኬንያ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ፋብሪካዎቿ ከጫና ሰዓት ውጪ ለሚጨምሩት ፍጆታ ዋጋውን በግማሽ ቀንሳላቸዋለች። የእኛ ኤሌክትሪክ እዚህ ሳለ ሌሊት አያውቅም፤ ድንበሩን ሲሻገር ግን ጨለማው ይታየዋል። ወይስ ፓስፖርት ላይ የሚመታ ነገር አለ?

ሌሊት ለእርስዎም እንግዳ እንዳልነበረ አንድ አሮጌ ወረቀት ይመሰክርብዎታል። በቀድሞው የታሪፍ ሠንጠረዥ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ኢንዱስትሪ በጫና ሰዓት ለኪሎዋት ሰዓት 74 ሳንቲም ገደማ፣ ከዚያ ውጪ 54 ሳንቲም ገደማ ተብሎ ተለይቶ ታትሞ ነበር። ፋብሪካ ሌሊት ነበረው። ጓዳ ግን አልነበረውም።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየግቢው ገብቷል። 50 ኪሎዋት ሰዓት የምትይዝ መኪና አንዴ ጥግብ ስትል የትንሹን ሰው የወር እርከን በአንድ አዳር ትጨርሳለች። ባለቤቱ ከሥራ እንደገባ ይሰካታል፤ ልክ ሰፈሩ ወጥ በሚሠራበት ሰዓት። እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ቢጠብቅ ምን ያተርፋል? ባዶ እጁን ነው፤ እንቅልፉም ይቀራል።

ባትሪ ገዝቶ በሌሊት ለሚሞላ ሰውማ በእርስዎ ሠንጠረዥ ያለው ስሌት አስቂኝ ነው። ከጥሩ ባትሪ እንኳን 10 አስገብተው 9 ቢያወጡ ነው። በአንድ ዋጋ ገዝቶ፣ አጠራቅሞ፣ አጉድሎ መብላት! ጤፍ በጥርም በነሐሴም ዋጋው አንድ ቢሆን ኖሮ ጎተራ ማን ይሠራ ነበር? ስለዚህ በከተማችን ባትሪ የሚገዛው መብራት እንዳይጠፋበት ነው፤ ሂሳብ እንዲቀንስለት ብሎ የገዛ ካለ ልቡ የዋህ ነው።

መልስዎን እገምታለሁ። «የእኛ ኃይል ከውሃ ነው፤ ሌሊት ያልተጠቀምንበት ውሃ ከግድቡ የት ይሄዳል?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ያለ ሊትየም የተሠራ ባትሪ ነው። ውሃው ይጠብቃል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ግን አይጠብቅም፤ ምሽት ላይ ይጨነቃል፣ ይግላል፣ አንዳንዴም ጎረቤት ሁሉ እያየው ይፈነዳል። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት ቢያመነጭ ያ ሁሉ ኃይል ወደ ጓዳ የሚገባው በዚያችው ቀጭን ሽቦ ነው። የሌሊት ዋጋ የሚያስፈልገው ለሽቦዋ ነው።

ቅናሹ የባለ መኪናና የባለ ባትሪ ሲሳይ ይሆናል ብለው ከሰጉ ደግሞ አንዲት ሴት ላስተዋውቅዎት። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ። በቀን አራት ሰዓት ምጣድ ላይ ብትቆም በወር 480 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አምፖልና ማቀዝቀዣ ሲጨመር 500ን ታልፋለች፤ ያኔ እርከንዎ ከባለ መኪናው ጎን፣ ከሀብታሞቹ ተርታ ያሰልፋታል። ሌሊት ነቅታ የእርስዎን መረብ ከጫና የምታድነው እሷ ናት፤ ምስጋናዋም የመጨረሻው እርከን ሆኗል።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየተሻሻለ ስለሚታተም አዲስ መስመር ለመጨመር ቦታ አይጠፋም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ ለመኖሪያ ቤት፣ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጻፍ፤ ሰዓት የሚለይ ቆጣሪም አስቀድሞ ለጋጋሪዎች ይተከል፤ ባለ መኪናው ቀጥሎ ይድረሰው።

ከአክብሮት ጋር
ሌሊት የሚጋገርበት ቤት ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለምሽቱ 1 ሰዓት ትራንስፎርመር