መርፌው እስኪመጣ

የታካሺ ሚኬ ፊልም «ኦዲሽን» በ2000 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም ፌስቲቫል ሲታይ ብዙ ሰው አዳራሹን ጥሎ ወጣ፤ ዓለም አቀፍ ሃያስያን ግን ሸለሙት። ጨካኝ ፊልም ነው ተባለ። እንዴታ! መርፌና ሽቦ አለበት።

ሚስቱ የሞተችበት አዮያማ በፊልም ተዋናይት ምርጫ ስም ሴቶችን በተራ እያስቀመጠ፣ የበዓል በግ ላት እንደሚዳስስ ገዢ ሚስት ሲያማርጥ ግን በር የፈለገ ስለመኖሩ ማንም አያወራም። ያ ክፍል «ለስላሳ የፍቅር ድራማ» ነው፤ ቢበዛ «ተንዛዛ» ይባላል። በመረጣት በአሳሚ ቤት ስልኩ ሲጮኽ ጥግ ያለው ጆንያ መንፈራገጡም ይቻላል። ወንዱ ተራው ደርሶ ሲጋደም ነው «ኧረ ግፍ!» የሚባለው።

አሁን ሃያስያኑ ፊልሙ ሴት ይጠላል ወይስ ለሴት ይበቀላል እያሉ ይሟገታሉ። ያቺን የምርጫ ወንበር የሚከስ ግን ጥቂት ነው።