72 ሰዓት፣ ከኦጎልቾ አሰላ

ወንድሜ ኑሮውን ኦጎልቾ ካደረገ ቆይቷል። ኦጎልቾ በአርሲ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚያዘቀዝቀው አገር ላይ ትገኛለች። ስንዴ የሚዘራ ሰው ስሟን አያጣውም። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2004 ዓ.ም. ያወጣው አንድ የዳቦ ስንዴ ዝርያ «ኦጎልቾ» ነው የሚባለው። እኔንም ያን ሰሞን የወሰደኝ ስንዴ ነበር፤ እናታችን የተወችልን መሬት ምርት ተወቅቶ ስለነበር ልንካፈል ነው የሄድኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ልጅ እስከ ጓሮ ተከትላኝ መጣች። «አዳዳ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለአባባ ግን እንዳትነግሪው» አለችኝ። ዕድሜዋ 19 ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ ከጓደኛዋ ጋር ነበረች፤ መከላከያ አልተጠቀሙም። አላለቀሰችም፣ ምክርም አልጠየቀችኝም። የፈለገችው ፖስትፒል እንድገዛላት ብቻ ነው። ስሙን ታውቀዋለች፤ ምን እንደሚሠራም በደንብ ታውቃለች። ራሷ ሄዳ እንዳትገዛ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከአባቷ ጋር አንድ ዕቁብ ነው የሚጥለው።

እዚህ ላይ ስለ መድኃኒቱ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አሳስቶ ያወራዋልና። ፖስትፒል ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ የሚሠራው እንቁላል የምትወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው። የተጸነሰን አያስወርድም። ግንኙነቱ ከተፈጸመ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲወሰድ ይመከራል፤ እስከ አምስተኛው ቀን ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። አንዲት ልጅ «ማን ያየኝ ይሆን» እያለች የምታሳልፈው ሰዓት ሁሉ ከመድኃኒቱ ኃይል ላይ የሚቀነስ ነው።

ሄድኩ። ሰውዬው መደርደሪያውን ቃኘት አድርጎ «አልቋል፤ ሰኞ ከአሰላ ይመጣል» አለኝ። ቀጠለና «ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለራሴ ነው ብዬ ወጣሁ። ሌላው መድኃኒት ቤት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ሰዓት ወደ አሰላ የሚሄድ መኪና ፈለግን፤ ወቅቱ የአጨዳና የውቂያ ስለሆነ የተገኘው ሁሉ እህል ጭኗል። ቅዳሜ እንዲሁ መሸ።

እሑድ ጠዋት ለወንድሜ «ለልጅቱ አሰላ ልብስ ልገዛላት ነው» አልኩት። ደስ አለው። ረፋዱ ላይ አንድ ሚኒባስ አገኘንና ተሳፈርን። ብዙም ሳንርቅ ጎማው ፈነዳ፤ ተቀያሪ ጎማ አልነበረውም። ረዳቱ ጎማውን በሞተር ሳይክል ይዞ ሄደ። እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን። ልጅቱ ስልኳን እያወጣች ሰዓት ታያለች፣ መልሳ ትከተዋለች። በመጨረሻ ስንዴ የጫነ ኢሱዙ ቆመልንና ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀን ሄድን።

በመንገዳችን ላይ ተረኛ ያለው አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ስላለ እዚያ ወረድን። ጊዜ እናተርፋለን ብለን ነበር። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰልፍ አለ፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ እግሩን የተጎዳ ጎልማሳ፣ አንድ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛው በመስኮቱ በኩል፣ ሰልፈኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ያገባሽ ነሽ?» አላት። ዝም አለች። «የባልሽ ስም?» አለ። እኔ መልስ ልሰጥ ስል እሷ ዞራ ወጣች። ተከተልኳት። ግቢው ውስጥ «የወጣቶች አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ያለበት በር አለ። ተቆልፏል። ቁልፉ የት እንዳለ ብጠይቅ የያዘችው ነርስ ሥልጠና ላይ ናት ተባልኩ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስቆጣኝ ያ የመስኮት ጥያቄ ነው። መከላከያ ለመውሰድ ጋብቻ የሚጠይቅ ሕግ በአገራችን የለም። ያ ሰው የጠየቀው ልማድ ሆኖበት ነው፤ ምናልባትም የፎርሙን ባዶ ቦታ ለመሙላት። ልጅቱ ግን በዚያች ቅጽበት ወጣች፤ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ወደ ቤቷ ነበር የምትመለሰው።

አሰላ የገባነው ወደ ማታ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ የቆመች ወጣት ፋርማሲስት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፦ «መቼ ነበር?» ከዚያ ውኃ ሰጠቻትና እዚያው ዋጠች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ተመልሳ እንድትመጣ፣ የወር አበባዋ ከሳምንት በላይ ከዘገየ እንድትመረመር፣ መድኃኒቱ ከኤች አይ ቪ እንደማይከላከል ነገረቻት። የሦስት ወሩን መርፌና ክንድ ሥር የሚቀበረውን አስረዳቻት። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከ72ቱ ሰዓት የሚበዛው መንገድ ላይና ሰው በመፍራት አልቆ ነበር፤ ቢሆንም ደረስን። አልፀነሰችም።

ወንድሜ ክፉ አባት አይደለም። ልጁን እስከ ስምንተኛ ክፍል ትምህርት ቤት ድረስ እየሸኘ ነው ያስተማራት። የአርሲ አባት ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ የአገሬው ሰው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚሁ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ቆመውላት ራሷን መከላከሏ ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ደፈነው።

ያው ሕግ ሌላም ነገር አድርጓል፤ ወጣቶች ግን ብዙም አልሰሙትም። አንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ፅንስ፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥል፣ ወይም በዕድሜዋ ማነስ የተነሳ ልጅ ለማሳደግ ያልደረሰች ሴት የፀነሰችው በጤና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ለተደፈረችው የራሷ ቃል በቂ ነው፤ ምስክር አምጪ አትባልም። ይህን ያልሰማች ልጅ ነች ሥር ቀቅሎ የሚያጠጣ ሰው የምትፈልገው።

ብዙ ተሠርቷል፤ መካድ አይገባም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው ሴት ሠራተኞችን አሰማርቶ መከላከያን ደጃፍ ድረስ አድርሷል። ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 35 ደረሱ። ይህ ግን የባለትዳሮች ቁጥር ነው። በዚያው የ2008 ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 13ቱ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። የወንድሜ ልጅ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ የእናቷ ቡና አጣጪ ናት። ልጅቱ ለእሷ አትነግራትም፤ ሠራተኛዋ ምስጢር ጠባቂ ብትሆን እንኳ በሯ ላይ መታየቱ ይበቃል።

ለመፍትሔው ሆስፒታል መገንባት አያሻም። የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የወጣቶቹ ክፍል ቁልፍ ከአንድ ሰው በላይ ዘንድ ይኑር። ካርድ ክፍሉ ላይ የጋብቻ ጥያቄ ይቅር፤ ወይም ቢያንስ በር ተዘግቶ ይጠየቅ። መድኃኒቱ ቅዳሜና እሑድም ከመደርደሪያ አይጥፋ። ሴት ልጅ፣ እህት ወይም የወንድም ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ በሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፖስትፒል ይሰጥ እንደሆነ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁ። ከሌለ ለምን እንደሌለ ሳትጠይቁ አትመለሱ።